«በሚካኤል ከፍዬ በሚካኤል ልቀጣ?»፦ አንድ የባሕር ዳር ልጅ ፕሮግራመር የሆነበት ጉዳይ

ፔዳ አካባቢ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የኮፒ ማሽን። ማመልከቻ፣ ውል፣ የተማሪ አሳይመንት፣ የሠርግ መጥሪያ እጽፋለሁ። ፕሮግራሚንግ አላውቅም። ግን የእህቴ ልጅ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ እዚችው ሱቅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ራሱን ሲያስተምር አይቻለሁ። ዛሬ ባለ ደመወዝ ሆኗል።

ሱቅ የሚመጡ እናቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። «የኔም ልጅ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል። ስቆጣው ኮዲንግ ነው ይለኛል። እውነት እንጀራ ይሆናል?» አጭር መልስ የለኝም። ስለዚህ ረጅሙን ልጻፈው። የልጁንም የሌሎቹንም ስም አልጠራም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሰባት ሰርተፍኬት

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተበተኑ። ሱቄ ጭር አለ። እህቴ «ቤት ተኝቶ ስልክ ከሚጎረጉር አንተ ጋ ይዋል፤ ሻይም ቢሆን ይላክልሃል» ብላ ልጁን ሰደደችልኝ። ስምንተኛ ክፍል ነበር።

ስልኩ ላይ ሶሎለርን የሚባል መተግበሪያ ጭኗል። አንድ ገጽ ያነባል፣ ጥያቄ ይመልሳል፣ ነጥብ ያገኛል። እኔ ጌም መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ቀረብ ብዬ ሳየው እንግሊዝኛ ነው፤ ፓይተን ስለሚባል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ያወራል።

«ይኼ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ኮምፒውተሩ የምለውን እንዲሰማኝ ነዋ፣ አጎቴ።»

ራሱ ሰው የሚለውን ሳይሰማ! ሳቅሁና ተውኩት።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ሰርተፍኬት ሰበሰበ። አንዱን በከለር አትሜለት እናቱ ሳሎን ሰቅላዋለች። የሠራቸው ነገሮች ግን ሁሉም መለማመጃ ነበሩ። ካልኩሌተር፣ ቁጥር የሚያስገምት ጨዋታ፣ ስምህን ስትነግረው «ሰላም» የሚል ገጽ። ሠርቶ ይጨርሳል፣ ያሳየኛል፣ «ጎበዝ» እለዋለሁ፣ በቃ። ማንም አልተጠቀመባቸውም። እሱም ተመልሶ አልከፈታቸውም። ጊዜው ባከነ አልልም። ግን ከሰባቱ ሰርተፍኬት ይልቅ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ይበልጥብኛል።

ደብተሩ የስህተት ደብተር ነው። ፕሮግራሙ አልሠራ ሲል ኮምፒውተሩ የሚያወጣውን ቀይ ጽሑፍ እንዳለ በግራ በኩል ይገለብጠዋል። ምክንያቱን ሲደርስበት በቀኝ በኩል በአማርኛ ይጽፋል። «ኢንደንቴሽን ኤረር፦ መስመሩ ወደ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ወይም ታብና ስፔስ ቀላቅያለሁ።» «ኔም ኤረር፦ ያልፈጠርኩትን ስም ጠራሁ። መጀመሪያ ፊደል አይ።» ቀኝ በኩል ባዶ የሆነ መስመርም ነበር። አንዳንዱ ለሳምንት ባዶውን ይቆያል። ከዚያ አንድ ማታ ይሞላል። እንግሊዝኛውንም ያሻሻለው ከክፍል ይልቅ ይህ ደብተር ይመስለኛል።

አንዱ መስመር የእኔ ጥፋት ነው። በ2013 መጀመሪያ ላይ አዲሱን ፓይተን አውርዶ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሊጭን ሞከረ። እምቢ አለ። ሁለት ቀን ታገለው። ለካ የእኔ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው፤ ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ያለው ደግሞ በዊንዶውስ 7 ላይ አይሠራም። 3.8 ላይ መቆየት ነበረበት። ደብተሩ ላይ «ምክንያት፦ የአጎቴ ኮምፒውተር ሽማግሌ ነው» ይላል።

ባሕር መዝገቡ

ሽምብጥ ያለው የሰፈራችን እድር 214 አባወራ አለው። መዋጮው በወር 50 ብር ነው። የመክፈያው መጨረሻ በወሩ 12ኛው ቀን፣ በሚካኤል ነው። ከዚያ ያሳለፈ 10 ብር ይቀጣል። የእድሩ ጸሐፊ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ከንብረት ክፍል፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ በ1953 የተሠራው ፋብሪካ ማለቴ ነው። የባሕር ዳር ግማሽ ሽማግሌ ከዚያ ነው ጡረታ የወጣው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

እኒህ ሰው አንድ ትልቅ ባሕር መዝገብ አላቸው። በየወሩ ውዝፍ ያለበትን ሰው ከመዝገቡ ለቅመው እኔ ጋ ይመጣሉ። እተይባለሁ፣ አትማለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ። በሚቀጥለው ወር እንደገና ከሀ።

ጥቅምት 2015 የአሳይመንት ሰሞን ነበር። ሱቁ ተጨናንቋል። «ና እስቲ የጋሼን ዝርዝር አንተ ጻፍ» አልኩት ልጁን። ቁጭ አለ። ግን አልጻፈም።

«ጋሼ፣ በየወሩ አዲስ ለምን ይጻፋል?» አላቸው። «ማን እንደከፈለ ብቻ ብንነግረው ዝርዝሩን ራሱ አያወጣውም?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ራሱ ማነው?»

የልጁ ነገር የተለወጠው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሰርተፍኬት ተቆጥቶ ተመልሶ አይመጣም። ጋሼ ግን በነጋታው ይመጣሉ። ያልሠራውን ያውቃሉ። ይቅርታም አያውቁም፤ አርባ ዓመት ሙሉ የመጋዘን ብሎን ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጁ በሁለት ዓመት ያላገኘው አስተማሪ እሳቸው ነበሩ። ስለ ኮምፒውተር ግን ከእኔም ያነሰ ነው የሚያውቁት።

የመጀመሪያው ቁጣ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። 214ቱ ስም ገብቶ አልቋል። ጋሼ በአንድ ጣት እየለቀሙ አንድ ስም ጻፉ።

«ኃይለማርያም አልኩት። የለም ይለኛል። ሰውዬው ጎረቤቴ ነው እኮ! ትናንት ቡና አብረን ጠጥተናል!»

ልጁ ሲያስገባ «ሀይለማርያም» ብሎ ነበር የጻፈው።

እኛ ስናነበው አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ፊደል ማለት ቁጥር ነው። ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት የግዕዝ ፊደላት በፈረንጆች 1999 የራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል። ሀ 4608 ነው። ሐ 4624 ነው። ኀ 4736። ድምፁ አንድ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሌላ ነው። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ሰውየውም ሌላ ነው። የአማርኛ ስም ደግሞ በዚህ የተሞላ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰና ሠ። አና ዐ። ጸና ፀ። «ማርያም» የሚል አለ፣ «ማሪያም» የሚል አለ። «ገብረ መድህን» የሚል አለ፣ «ገ/መድህን» የሚል አለ። መታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት፣ ባሕር መዝገቡ ላይ ሌላ ዓይነት የሆነ ሰው ሞልቷል።

ልጁ የፊደላቱን ቁጥር በሙሉ ወረቀት ላይ አውጥቶ ሲያይ አንድ ነገር አገኘ። ከሀ እስከ ሐ ልዩነቱ 16 ነው። ከሁ እስከ ሑም 16። ከሂ እስከ ሒም 16። ከሀ ቤት እስከ ኀ ቤት 128። ከሠ እስከ ሰ 16። ከአ እስከ ዐ 48። ከጸ እስከ ፀ 8። ስለዚህ ሁሉንም ፊደል አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልገውም፤ ልዩነቱን ቀንሶ ወደ አንዱ ቤት ማምጣት ነው። የቀሩት እንደ ሀና ሃ፣ አና ኣ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ደውሎ «አጎቴ፣ አሥራ ስድስት ነው!» አለኝ። ምኑ እንደሆነ ሳይነግረኝ ዘጋው።

በማግስቱ ኃይለማርያም ተገኘ። ነገር ግን ልጁ ቸኩሎ ነበር። ለፍለጋ ብቻ ሳይሆን ስሙን ራሱን ለውጦ አስቀመጠው። የወሩ ዝርዝር ታትሞ ሲለጠፍ ኃ የለም፣ ሠ የለም፣ ዐ የለም። ከእድሩ አባላት አንዱ መሪጌታ ናቸው። ወረቀቱን ገንጥለው ሱቅ ድረስ መጡ።

«ወልደ ሥላሴን በእሳቱ ሰ የጻፈ ማነው? ንጉሡ ሠ የት ሄዶ?»

ልጁ ጠረጴዛው ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ስም ሁለት ቦታ ይቀመጥ ጀመር። አንዱ ባለቤቱ እንደሚጽፈው፣ ለኅትመት። ሌላው የተቃለለው፣ ማንም የማያየው፣ ለፍለጋ። ይህን ከየትም አላነበበም፤ መሪጌታ ናቸው ያስተማሩት፤ ማስተማራቸውን ግን አያውቁትም።

መብራት ሄደ

ይህን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየው የሱቁ ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ወራት አልፎታል። «ነገ እቀይራለሁ» እያልኩ ቆየሁ። የካቲት 2015 ልጁ ክፍያ እያስገባ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ የእድሩ ፋይል ባዶ ነው። ዜሮ።

ፕሮግራሙ ያኔ ሁሉንም ነገር በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር የሚያስቀምጠው። አንድ ሰው ሲከፍል ፋይሉን መጀመሪያ ባዶ ያደርገውና ሁሉንም እንደገና ይጽፈዋል። መብራቱ የሄደው ባዶ ካደረገ በኋላ፣ ሳይጽፍ ነው። ሌላ ኮፒ አልነበረም። ፍላሽ ላይም፣ ስልክ ላይም።

ያዳነን ባሕር መዝገቡ ነው። ጋሼ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጎን በእጃቸው መጻፉን አላቆሙም ነበር። አራት ማታ ተቀምጠን ከመዝገቡ ገለበጥን። ጋሼ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ያ ከቁጣቸው ይብሳል።

ልጁ ከዚያ ወደ ኤስኪውላይት ዞረ። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ የዳታቤዝ መሣሪያ ነው። አንድን ለውጥ ወይ ሙሉ በሙሉ ይመዘግበዋል፣ ወይ ጨርሶ እንዳልተነካ ያደርገዋል፤ መሐል ላይ አይተውህም። እኔም ባትሪውን ቀየርኩ። እናቱና እኔ ተጋግዘን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛንለት፤ 14 ሺህ ብር።

መስከረም 12

ፕሮግራሙ ታኅሣሥ 2015 ሥራ ጀምሮ እስከ ነሐሴ ዘጠኝ ወር አገለገለ። የካቲትን ካልቆጠርን ያለ እንከን ነው። ቀኑን የሚያውቀው እንዲህ ነበር። ላፕቶፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ልጁ ሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የ2015 ካላንደር አየና ሰንጠረዥ ሠራ። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው። ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11። ኅዳር 1 ኖቬምበር 10። እንዲህ እያለ እስከ ጳጉሜን።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ስለዚያ ጊዜ ሌላው ነገር እዚህ አይገባም። ለልጁ ግን የማይገባውን ነገር የሚጠይቀው አካል ጠፋ ማለት ነው። የቀረው ደብተሩ፣ ቀድሞ ያወረደው የፓይተን ማብራሪያ እና ላፕቶፑ ላይ ያለው ነው።

መስከረም 12 ቀን 2016 ቅዳሜ ነበር። ልጁ ጋሼ ቤት በረንዳ ላይ ላፕቶፑን ይዞ ዋለ። ሰው ይመጣል፣ 50 ብር ይሰጣል፣ ስሙ ይገባል። እንደ ልማዳችን ብዙው ሰው መጨረሻው ቀን ላይ ነው የሚመጣው። በማግስቱ ዝርዝሩ ታተመ። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት እንጀራ የሚጋግሩት እትዬ በር ላይ ቆመዋል። ወረቀቱን ይዘዋል።

«አንተ፣ ቅዳሜ በሚካኤል ከፍዬ በሚካኤል ልቀጣ?»

ብቻቸውን አልነበሩም። በዚያ ቀን የከፈሉት 31 ሰዎች በሙሉ 10፣ 10 ብር ቅጣት ተጽፎባቸዋል። 310 ብር። ብሩ ትንሽ ነው። እድር ላይ ግን ያለ ጥፋት መቀጣት የብር ጉዳይ አይደለም። ለቅሶ ላይ ይነሳል።

ልጁ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ስህተት የለም። ቀይ ጽሑፍም የለም። ደብተሩም አልረዳውም፤ ደብተሩ ውስጥ ያለው ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያምነው ስህተት ነው። ይኼ ግን በሙሉ ልቡ ነው የሚዋሸው። ሁለት ቀን እህል አልበላም ብላ እህቴ ደወለችልኝ።

የተገኘው ጋሼ ግቢ፣ ሎሚው ዛፍ ሥር ነው። መሪጌታም ለቅጣቱ ነገር መጥተው ነበር። ልጁ ሰንጠረዡን ሲያስረዳ ሰሙና አቋረጡት።

«ቆይ። ያለፈው ዓመት ማን ነበር?»

«2015።»

«ቁጥሩን አልጠየቅሁህም። ማን ነበር? ሉቃስ አይደለም? በሉቃስ ጳጉሜን ስንት ናት?»

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ስድስት!

መሪጌታ በከሰል ቁራጭ ድንጋዩ ላይ ጻፉለት። 2015 ላይ 5,500 ደምር፤ 7,515 ይሆናል። ለአራት ግደፈው። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። 7,515 ሲገደፍ ሦስት ይተርፋል። ሉቃስ ነው። ጳጉሜን ስድስት ሆነች፤ ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። የልጁ ሰንጠረዥ ግን አሁንም 11 ይላል። ፕሮግራሙ አንድ ቀን ቀድሞ ሄዷል። ሚካኤልን 13 ነው ብሎታል።

የቤተ ክህነት ሰው ይህን ሒሳብ ባሕረ ሐሳብ ይለዋል። ልጁ ትንሽ አሰበና «መሪጌታ፣ 5,500 እኮ ራሱ ለአራት እኩል ይካፈላል። ባንደምረውም ያው ሦስት ነው የሚተርፈው» አለ።

መሪጌታ ቆፍጠን ብለው አዩት። «ቢሆንም አትጣለው። ዓመተ ዓለም ነው።»

አልጣለውም።

31ዱ ሰዎች ቅጣታቸው ተነሳ። ልጁ በየቤቱ እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይህን ያዘዙት ጋሼ ናቸው። ስክሪኑ አናት ላይም የዕለቱ ቀን በትልቁ እንዲታይ አደረገ። ያን ቀን ቀኑ ቢታይ ኖሮ «13» የሚለውን በረንዳው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ያየው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ጥገናውም ጎዶሎ ነበር። ልጁ ከሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንዲቀነስ አደረገ። ፈረንጆቹ ደግሞ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪን 29 አደረጉና ከመጋቢት ጀምሮ ሁለቱ አቆጣጠር ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ፕሮግራሙ ግን መቀነሱን ቀጠለ። አሁን አንድ ቀን ወደኋላ ቀረ። በ13 የከፈለ ሰው በ12 እንደከፈለ ተቆጠረለት።

ማንም አልጮኸም። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። ግንቦት ላይ ጋሼ ባሕር መዝገቡን ከዝርዝሩ ጋር ሲያመሳክሩ ነው የተገኘው። 14 ሰዎች መቀጣት ሲገባቸው አልተቀጡም። እድሩ 140 ብር ቀረበት። 310 ብር ሲጻፍባቸው ሰፈሩ ተናወጠ፤ 140 ብር ሲቀርላቸው ትንፍሽ ያለ የለም። እኔን ራሴን ጨምሮ። ከ14ቱ አንዱ ነበርኩ።

ልጁ ያኔ ሰንጠረዡን ጨርሶ ቀደደው። አዲሱ አሠራር ቀን መቁጠር ብቻ ነው። መነሻው መስከረም 1 ቀን 2000፣ የሚሌኒየሙ ዕለት። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር። ከዚያ ጀምሮ ስንት ቀን እንዳለፈ ይቆጥራል። አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው። በዚያ ይከፍላል፣ የተረፈውን በዓመት፣ ከዚያ በ30 ቀን ወር ይከፋፍላል። ሚሌኒየሙ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ትርፏ ቀን የአራቱ ዓመት መጨረሻ ላይ ትወድቃለች፤ ሒሳቡ አይቆራረጥም። ይህን ራሱ ነው ያሰበው። የቀን መለወጫ ዝግጁ ሆኖ ከኢንተርኔት ይገኛል። ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ አውርዶት፣ ገጥሞት፣ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ ይኖር ነበር። የኢንተርኔት መጥፋት ጠቀመው እያልኩ አይደለም። ስንት ልጅ ትምህርቱን ያጣበት ጊዜ ነው። ለእሱ ግን በዚያች አንዲት ነገር ላይ እንዲህ ሆነ።

ቀብድ

ወሬው ወጣ። ከእድሩ አባላት አንዷ የዓሣ ምግብ ቤት አላቸው። የዱቤ መዝገብ አሠሩት፤ 2,500 ብር ከፈሉት። በአገልግል የተጠበሰ ቆሮሶም ላኩለት። ቀጥሎ አንድ የጅምላ ዕቃ አከፋፋይ መጣ።

ከዚያ አንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት መሙያ አሠራው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሁለት ወር ለፋ። አስረከበ። «ነገ ና»፣ «ፈራሚው የለም»፣ «በጀት አልተለቀቀም»። አንድ ሳንቲም አላገኘም፤ ፕሮግራሙን ግን ይጠቀሙበታል። ልጁ 18 ዓመት አልሞላውም፤ የተጻፈ ውልም አልነበረም። እኔ ውል ጸሐፊው አጎቱ ሳለሁ! በቀን አሥር ውል እየጻፍኩ ለእሱ አንድ ገጽ አልጻፍኩለትም።

አሁን ውሉን እኔ እጽፋለሁ። ግማሽ ቀብድ ሳይቀበል ላፕቶፑን አይከፍትም። ሲጨርስም ቀሪው እስኪከፈል ድረስ የሚያስረክበው በልዩ ቁልፍ የሚከፈት ነው። ሦስቱንም በአንድ ወር ነው የተማረው። ከቴክኒኩ ይልቅ ይኼኛው ነው ብዙ ልጅ የሚያስመርር።

5,500 ለምን?

በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈተነ። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። እሱ ከእነሱ ውስጥ አልነበረም። እህቴ አለቀሰች። ሳሎን የተሰቀለውን ሰርተፍኬትም አወረደችው። ኮምፒውተሩ ነው ያበላሸብኝ አለች። ከፊል እውነት አላት። በፈተናው ሰሞን ማታ ማታ የሚያነበው ፊዚክስ ሳይሆን ዳታቤዝ ነበር፤ እያየሁ ዝም ብያለሁ።

ነጥቡ ለሪሚዲያል በቃው። እዚሁ ከተማ ተማረና አለፈ። ኢንተርኔቱም ተመልሶ ነበርና በ«አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም የተሰጠውን ትምህርት ጨረሰ። ስምንተኛ ሰርተፍኬት። እናቱ ይኼኛውን አልሰቀለችውም።

ሥራው የመጣው በዱቤ መዝገቡ በኩል ነው። ምግብ ቤቱ ከሚመላለሱት አንዱ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ያለው ሰው ነው፤ ሦስት ሠራተኛ። ሒሳብ ሲከፍል ስክሪኑን አይቶ «ይኼን ማን ሠራው?» አላቸው። አስጠራው። ልጁ ሰርተፍኬቶቹን በፋይል ይዞ ሄደ። ሰውየው ፋይሉን አልከፈተም። «የሠራኸውን አሳየኝ» አለው። የእድሩን ፕሮግራም ከፈተለት።

ሰውየው ኮዱን ወደ ታች እያወረደ አነበበ። ደረሰኝ ላይ የዘመኑን ስም የምታትም አንዲት ክፍል አለች፤ «ዘመነ ዮሐንስ»፣ «ዘመነ ማቴዎስ» የምትል። እዚያ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ 5,500 ለምን ትደምራለህ? ለአራት ይካፈላል እኮ። ምንም አይለውጥም።»

«አውቃለሁ» አለ ልጁ። «መሪጌታ አትጣለው ስላሉኝ ነው።»

ሰውየው ከሳቀ በኋላ መጋቢት ላይ የሆነውን፣ 14ቱን ሰዎች፣ እንዲያወራለት ጠየቀው። ከቃለ መጠይቁ አብዛኛው በዚሁ አለቀ። ከሳምንት በኋላ፣ በቀን ግማሽ ቀን እየሠራ፣ በወር 7 ሺህ ብር ተቀጠረ። ዘንድሮ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ይገባል፤ ደመወዙም ጨምሯል። የመጀመሪያ ደመወዙን ለእናቱ ሰጠ። ግማሹን መልሳ ለሱቁ ኮምፒውተር ማደሻ ላከችልኝ። ዊንዶውስ 7ቱ ተሰናበተ።

ጋሼ አሁንም ሁለቱም ላይ ይጽፋሉ፤ ላፕቶፑም ባሕር መዝገቡም ላይ። ልጁ ሰሞኑን የላፕቶፑን ቀን ወደፊት ገፍቶ መስከረም 12 ቀን 2020 ላይ አደረገና አሳያቸው። 2019 ሉቃስ ነው፤ የሚቀጥለው ፈተና ያ ነው። በትክክል 12 አለ። ቅጣት የለም። መሪጌታም አጠገባቸው ነበሩ፤ አልተደነቁም።

«ሰዓቱን ያዞርከው አንተ፣ መልሱን የሰጠኸው አንተ» አሉት። «ሉቃስ በእግሩ ይምጣ፤ ያኔ እናያለን።»

ባለፈው ሳምንት ጋሼ አዲስ ባሕር መዝገብ ገዝተው ሱቅ መጡ። ባለ 200 ቅጠል ነው። ሽፋኑ ላይ ጽሑፍ እንዳትምላቸው ጠየቁኝ። «የእድሩ መዝገብ፣ ከ2018 እስከ» ብዬ ጻፍኩና ዓመቱን ጠየቅኋቸው። በጣታቸው ትንሽ ቆጠሩ።

«እስከ 2020 በል» አሉ።